አምስት ቤት፣ አንድ ሪሞት

ጨዋታው በዝናብ ምክንያት ከእሁድ ወደ ረቡዕ ተዛወረ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ከዚያ ወዲህ ነው። እሁድ የኳስ ቀን መሆኑ በደንቡ ላይ ተጽፏል፤ እሁድ ቢሆን ኖሮ ማንም ከማንም አይጣላም ነበር። ረቡዕ ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ግን የተከታታይ ድራማው ሰዓት ነው። ይህኛው ረቡዕ ደግሞ የመጨረሻው ክፍል የሚታይበት፣ ሁለት መቶ አርባ ክፍል ሙሉ ስትወላውል የከረመችው ሙሽራ ከሁለቱ ወንድማማቾች አንዱን የምትመርጥበት ረቡዕ ነው። ጨዋታውም ተራ ጨዋታ አይደለም። የዋንጫ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ወሬውን የሰማችው በጠዋት፣ ሦስት ስፒል በከንፈሮቿ ይዛ ሱሪ ላይ እንዳጎነበሰች ነው። የነገራት ምድር ቤት የሚኖረው ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሳያንኳኳ ገባ። በዚህ ሕንፃ ውስጥ የእሷን በር የሚያንኳኳ ሰው ከጠፋ ስምንት ወር አልፎታል።

"መርፌ፣ ሰማሽ አይደል?"

መርፌ ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው። ቀጭን ናት፣ ምላሷም ይወጋል፤ ሥራዋም ተጨምሮበት ሌላ ስም አላስፈለጋትም።

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። "ምኑን?"

"ጨዋታው ለዛሬ ሆነ። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ።"

"ጥሩ ነዋ። እየው።"

"አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እኮ ነው የምልሽ!"

ያን ጊዜ ገባት። ቀና ብላ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየችው፤ እሱም ያየው ወደዚያው ነው። ወረቀቱ "የጋራ ቴሌቪዥን መተዳደሪያ ደንብ" ይላል። ከሥሩ አምስት ፊርማ አለ፤ አንዱ የእሷ ነው። አንቀጽ አራት እንዲህ ትላለች፦ "ያልታሰበ የፕሮግራም መደራረብ ሲያጋጥም ዲኮደሩ የሚገኝበት ቤት ይወስናል።"

ዲኮደሩ የሚገኘው እሷ ቤት ነው።

ነገሩ የተጀመረው የክፍያ ቴሌቪዥኑ ድርጅት በአንድ ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ዋጋ የጨመረ ጊዜ ነው። ወርሃዊው ክፍያ የመብራትና የውሃ ሒሳብ ተደምሮ የማይደርስበት ሆነ። ባሏ ደረሰኙን አንብቦ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ በማግስቱም ስክሪኑ ጠቆረ። የሌሎቹም እንደዚሁ። ርካሽ ፓኬጅ አልጠፋም፤ በእሱ የሚታየው ግን የዓሣ ማስገር ውድድርና መጥበሻ የሚሸጡ ሦስት ቻናሎች ናቸው። ነፃው ዲሽም ነበረ፤ አንዴ ከተገዛ ወር በወር አይከፈልበትም። ግን ኳሱም ድራማውም የሉበትም፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥርም አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሊያዞረው ይገባል። ጎረቤቷ ነርስ በስልኳ ሞክራ ነበር። የወሩን የኢንተርኔት ጥቅል በአራት ቀን ጨረሰችው፤ የድራማዋ ሙሽራ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች።

መላ ያመጡት ላይኛው ፎቅ የሚኖሩት፣ ጡረታ የወጡት የሥነ ዜጋ መምህር ናቸው። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" አሉ። አንድ ዲኮደር፣ አንድ ካርድ፣ አንድ ሙሉ ፓኬጅ፤ ከዚያ በየበረንዳው ገመድ ተስቦ ለአምስት ቤት። ክፍያው ሲካፈል የሻይ ዋጋ ሆነ። ጉዱ የታወቀው ገመዱ ከተሳበ በኋላ ነው። አንድ ዲኮደር በአንድ ጊዜ የሚከፍተው አንድ ቻናል ነው። አምስቱም ቤት፣ ወደደም ጠላ፣ አንድ ነገር ያያል።

ሌላ ሰው ቢሆን ገመዱን ይነቅል ነበር። መምህሩ ግን ስብሰባ ጠሩ። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ደንብ ወጣ፣ እሳቸውም ሊቀመንበር ሆኑ። ልብስ ሰፊዋ ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውል ስለሆነች ዲኮደሩ እሷ ዘንድ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ቻናል ትቀይራለች፤ በምላሹ ድርሻዋን አትከፍልም። በነፃ ታያለች።

ነፃ! ይህች ቃል ናት የሸወደቻት።

ፀጉር አስተካካዩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወንበር ፈለገ። ሲያጣ የተጣጠፈ ሱሪ ላይ ተቀመጠ።

"ባልሽን ዓመቱን ሙሉ በነፃ አስተካክለዋለሁ" አላት።

"ባሌ መላጣ ነው።"

ትንሽ አሰበ። "ጢሙን።"

"ጢሙን ራሱ ይላጫል።"

"እሺ እሱ ይቅር። አንቺ ራስሽስ? ፀጉርሽ ጫፍ ጫፉ ተሰነጣጥቋል፤ ከመጣሁ ጀምሮ እያየሁት ነው። ዝም ያልኩት ጎረቤት ስለሆንሽ ነው።"

"አሁን ከሱሪው ላይ ተነስልኝ። ለትምህርት ቤት ነው፤ ተተኩሷል።"

ብድግ አለና መቀመጫውን አራገፈ፤ ሱሪውን ግን አላራገፈም። በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። "እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ድራማ ነገም ይደገማል። ዋንጫ ግን አይደገምም።"

ከሄደ በኋላ ሱሪውን እንደገና ተኮሰችው። ስልሳ ሱሪ ነው የታዘዘችው። አርባ ሁለቱ ተጠናቆ በአራት እስር ግድግዳ ስር ተደርድሯል። የቀሩት አስራ ስምንት ወገባቸውና የእግራቸው ዕጥፋት ነው የጎደላቸው። አንዱ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሰው ዝም ካላት እስከ አስር ሰዓት ሰፍታ፣ ተኩሳ፣ ታስራቸዋለች።

ስልኳ ጮኸ። የትምህርት ቤቱ የንብረት ክፍል ኃላፊ ናት፤ ሰላምታ የምትባል ነገር የማታውቅ ሴት።

"ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ስልሳ።"

"ስልሳ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ሃምሳ ዘጠኝ ከሆነ አልረከብም፤ በኋላ እንዳትጨቀጭቂኝ። ስልሳ ከሆነ ግን የመጪው ዓመት የሁለቱም ቅርንጫፍ ልብስ ያንቺ ነው። ዳይሬክተሯ ፈርማለች፤ ወረቀቱ እጄ ላይ ነው።"

ስልኩ ተዘጋ። የሁለት ቅርንጫፍ ልብስ ማለት ከዚህ ክፍል መውጣት ማለት ነው። መንገድ ዳር ያለችውን ባለ አንድ በር ሱቅ መከራየት፣ አንዲት ልጅ መቅጠር፣ ለሰፈሩ መጋረጃ በ"እግዜር ይስጥልኝ" መስፋት ማቆም። ለሰባት ዓመት የጠበቀችው ስልክ ይህ ነበር። ፔዳሉን ረገጠች።

አንዱን ሱሪ ጨርሳ ሁለተኛውን ስትጀምር ጣሪያው ሦስት ጊዜ ተመታ። ይህ ማለት መምህሩ ዜና ይፈልጋሉ ማለት ነው። ተነስታ ቀየረች። ቁጭ ከማለቷ ወለሉ ከታች በመጥረጊያ እንጨት ሁለት ጊዜ ተደበደበ። ፀጉር አስተካካዩ የስፖርት ወሬ ይፈልጋል ማለት ነው። በደንቡ መሠረት ሰዓቱ የዜና ነው፤ አልተነሳችም። ወለሉ እንደገና ተደበደበ። እሷም ተረከዟን አንስታ መልሳ ደበደበችው፤ ይህች ምልክት በደንቡ ላይ ባትኖርም ትርጉሟ አላሻማም።

ስድስት ሰዓት ላይ ነርሷ መጣች። ከሥራ መውጣቷ ነው፤ የደም ግፊት መለኪያውን ግን በእጇ ይዛለች።

"እህት ዓለም፣ ደም ግፊትሽን ልለካልሽ ብዬ ነው።"

"ማን ጠየቀሽ?"

"ጎረቤት እስኪጠየቅ አይጠብቅም" እያለች ክንዷ ላይ ጠመጠመችው። በአንድ እጅ ሱሪ አይሰፋም። ልብስ ሰፊዋ ተቀምጣ ጠበቀች። መለኪያው ተነፋ፣ ፈሰሰ።

"ከፍ ብሏል" አለች ነርሷ።

"ካንቺ በፊት የገባው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሄደሽ እሱን ውቀሺ።"

"እንዲያው ምን ቃል ገባልሽ? ንገሪኝ፤ እኔ እጥፍ አደርገዋለሁ።"

"ባሌን ሊላጭልኝ ነው።"

ነርሷ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን ዋጠችና ወንበሩን ስባ ጉልበቷ እስኪነካት ተጠጋች። "ስሚኝ፣ የኔ ቆንጆ። እኔ ለዛሬ ምሽት ብዬ ሦስት የሌሊት ተራ ለሰው ሠርቻለሁ። ሦስት! አስራ አምስት ዓመት በሕክምና ስሠራ በሽተኛ ፊት አልቅሼ አላውቅም፤ ለዚህች ልጅ ግን አልቅሻለሁ። የማንን ቀለበት እንደምታጠልቅ ሳላይ ብተኛ ዓይኔ አይከደንም።"

"የታናሹን ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ ክር እየሰካች።

"ምን?"

"ታናሹን ነው የምታገባው። ይኸው ነገርኩሽ፤ እንግዲህ ማየት አያስፈልግሽም።"

"አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽ ነው የምትሰፊው! በምን አወቅሽ?"

"በድምፁ። ታላቁ ሲዋሽ ድምፁ ይቀጥናል። ካሥራ ሁለተኛው ክፍል ጀምሮ እየቀጠነ ነው።"

ነርሷ ጉንጯን ያዘች። ሁለት መቶ አርባ ክፍል በዓይኗ ያየችውን ነገር ይህች ሴት በጆሮዋ ጨርሳዋለች። "ምናለበት ባትነግሪኝ!" አለችና መለኪያዋን ጠቅልላ ወጣች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሳ መጣች፤ በጭቅጭቅ የምታሸንፍ መስሏት ሳይሆን ታላቁ መቼ መቼ እንደዋሸ ልትጠይቅ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መምህሩ ወረዱ። ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ማህደር ይዘዋል። እሳቸው ብቻ ናቸው የሚያንኳኩት፤ እሱም ከገቡ በኋላ ነው።

"እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ። ውሳኔሽን ልቀበል ነው።"

"ገና አልወሰንኩም፣ ጋሼ።"

"እንዳትቸኩይ፤ ምዘኝ። ብቻ በጽሑፍ ይሁን። በሦስት ቅጂ።" ደንቡን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ዓይናቸው ያበራል። "ታውቂያለሽ? አንቀጽ አራት ከወጣ ወዲህ ሥራ ላይ ሲውል ይህ የመጀመሪያው ነው። ስጽፈው ምን ያደርጋል ያሉኝ ነበሩ።"

"ጋሼ፣ ሊቀመንበሩ እርስዎ አይደሉ? እርስዎ ይወስኑና ይገላግሉኝ።"

"አልችልም። ዲኮደሩ እኔ ቤት አይደለም።"

"ይውሰዱት።"

"ለማዛወር የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ያስፈልጋል።"

ማሽኗን አቆመች። "እሺ፣ እርስዎ ራስዎ ምን ማየት ይፈልጋሉ? ኳስ ነው ድራማ?"

"እኔ?" አሉ መምህሩ፤ ጥያቄው ከዚህ በፊት ቀርቦላቸው የማያውቅ ይመስል። "እኔ ምንም። እኔ የምፈልገው ሥርዓት ነው።"

"እሱ በየትኛው ቻናል ነው የሚታየው?"

መምህሩ ቀልድ በቃለ ጉባኤ ስለማይያዝ እንዳልተባለ ይቆጥሩታል። ከዚያ ሦስት ባዶ ወረቀት በመካከላቸው የካርቦን ወረቀት አድርገው ከሱሪዎቹ ላይ አስቀምጠው ወጡ። የካርቦኑ ጥቁር ቀለም የአንዱን ሱሪ ጉልበት አበላሸው። በሳሙና አጥባ፣ ጨምቃ፣ በካውያ እስክታደርቀው ሩብ ሰዓት ሄደ።

ያኔ ነው ጠመኔዋን አንስታ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ሒሳብ የሠራችው። የዛሬውን ጣልቃ ገብነት ሁሉ ደመረችና በሱሪ ቆጠረችው፤ ሰባት ሱሪ ሆነ። ሌላውን ቀን በአማካይ አንድ ብላ፣ በስምንት ወር አባዛችው። የወጣው ቁጥር ሙሉውን ፓኬጅ ብቻዋን ከፍላ፣ ካርዱን በስሟ አውጥታ፣ ለራሷ ብቻ ልታይበት የምትችልበት ነው። ያውም ጀርባዋን ሰጥታ ለምታየው ቴሌቪዥን። ቁርጥራጩን ጨምድዳ ጣለችው፤ የተናደደችው በጎረቤቶቿ አልነበረም። በፈረመችው በራሷ ነው።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። ሁልጊዜ ሲገባ ጫማውን አውልቆ "ዛሬ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ጫንኩ መሰለሽ" ብሎ ነው የሚጀምረው። ዛሬ ጫማውንም አላወለቀም። የሱሪውን ክምር አየ፤ ሰዓቱን አየ።

"ስንት ቀረሽ?"

"ሰባት።"

"ትደርሻለሽ?"

"ሰው ዝም ካለኝ።"

"እኔማ ዝም ነው የምልሽ። ስለ ምሽቱም ቢሆን የምለው የለኝም። ያንቺ ውሳኔ ነው። እኔ ገለልተኛ ነኝ።"

ቀና ብላ አየችው። ከመሥሪያ ቤት ሸሚዙ ሥር ቀይ ማሊያ ብቅ ብሏል።

"ሸሚዝህን ቆልፍ" አለችው። "ገለልተኛነትህ እየታየ ነው።"

ወደ ደረቱ አይቶ እንደ ልጅ ሳቀ። ወዲያው ግን ሳይታዘዝ የካውያውን ገመድ ሰካና የተጨረሱትን መተኮስ ጀመረ። ስፌቱን ተከትሎ፣ እንደ እሷ ተጠንቅቆ ባይሆንም ጥሩ ይተኩሳል። ለሩብ ሰዓት ያህል ማሽኑ እያንዘረዘረ፣ ካውያው እየተነፈሰ፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ሠሩ። አንድ ሱሪ ልትጨርስ ትንሽ ሲቀራት በሩ ተከፈተ።

ፀጉር አስተካካዩ ነው። ወንበር ይዞ መጥቷል።

"ቤትህ ቴሌቪዥን የለህም እንዴ?" አለችው።

"አለኝ። ሪሞቱ ግን እዚህ ነው። ሪሞቱ ያለበት መሆን ይሻላል ብዬ ነው።"

ነርሷ ይህን ደረጃ ላይ ሆና ሰማች፤ እሷም ገባች፤ ወንበሯን ከሪሞቱ ጠረጴዛ በሌላኛው ወገን አኖረች። ተያዩ። ሁለቱም ሪሞቱን ሳይነኩ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። መምህሩ ማህደራቸውን ይዘው ወረዱ፤ ሥርዓት ለማስከበር። በመጨረሻ ፊት ለፊት የሚኖሩት እማማ በከዘራቸው በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። ሰው ሲሰበሰብ ሰምተው ልቅሶ መስሏቸው ነጠላ ጣል አድርገው ነው የመጡት። ሁሉም ደህና መሆኑን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ ከተተኮሱት ሱሪዎች ጎን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ተጫዋቾቹ ሊሟሟቁ ነው" አለ ባሏ በቀስታ፤ ካውያውን ከሱሪው ላይ ማንሳት ረስቷል።

"ካውያውን!" አለችው። አነሳ።

"ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል" አሉ መምህሩ ማህደራቸውን ከፍተው። "አምስቱም ቤት አለ። ከአንቀጽ አራት በፊት ለስምምነት ዕድል መስጠት ይገባል። ሁለት ለድራማ..."

"ማነው ሁለተኛው?" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"እማማ ናቸዋ!" አለች ነርሷ። "አንድም ቀን አምልጧቸው አያውቅም።"

"ኳሱስ መቼ አምልጧቸው ያውቃል? ጎል ሲገባ እልል የሚሉት ማን ሆነና?"

ሁሉም ወደ እማማ ዞሩ። መምህሩ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "እማማ! ዛሬ የትኛውን ይፈልጋሉ? ኳሱን ነው ድራማውን?"

"የትኛውን ከየትኛው?" አሉ እማማ።

"ኳሱን ወይስ ድራማውን!"

"ያው አይደለም እንዴ?" አሉ እማማ ግራ ተጋብተው። "ያ ታናሹ ልጅ ባለፈው ረቡዕ ሆስፒታል ገብቶ በጉሉኮስ ተኝቶ አልነበር? እሁድ ሜዳ ላይ ሲሮጥ ሳየው ተመስገን ብዬ አለቀስኩ። ለሰርጉ ደረሰ አልኩ። ሚዜዎቹም እነዚያ ደህና ልጆች ናቸው፤ አስራ አንዱም አንድ ዓይነት ለብሰው ሲሮጡለት። እኔማ የምጠላው ያንን ፊሽካ የያዘውን ነው። የልጅቷ አባት እሱ አይደለም? ልጆቹ ትንሽ ደስ ሲላቸው ነው የሚከለክላቸው።"

እማማ ቴሌቪዥናቸው ድንገት ከቻናል ቻናል ሲዘል ስምንት ወር ሙሉ አንድ ታሪክ አድርገው ነው የተከታተሉት። መጀመሪያ የሳቀው ባሏ ነው። ከዚያ ነርሷ። ፀጉር አስተካካዩ ከሳቁ የተነሳ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። መምህሩ ብቻ አልሳቁም፤ ብዕራቸውን አንስተው "አንድ ድምፀ ተአቅቦ" ብለው ጻፉ።

ልብስ ሰፊዋም ሳቀች፤ ፔዳሉን ግን አልለቀቀችም። ስድስት ሱሪ ቀርቷታል። በእማማ የተነሳውን ሳቅ ያስታገሰው ቴሌቪዥኑ ነበር፤ ማስታወቂያው አልቆ ዜና አንባቢው መናገር ጀመረ።

"መርፌ" አለ ፀጉር አስተካካዩ እንባውን እየጠረገ፣ "እስቲ ያንን ማሽን አቁሚው። ምንም አንሰማም እኮ።"

"እውነቱን ነው" አለች ነርሷ። "አንዴ ብቻ፣ እህት ዓለም።"

ከጠዋት ጀምሮ ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያው ነው። መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባሏ አፉን ከፈተ፣ ፊቷን አየ፣ ዘጋው።

እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። የማሽኑ ድምፅ ቆመ። ሁሉም ውሳኔ ልትሰጥ ነው ብለው ተመቻችተው ተቀመጡ።

እሷ ግን የማሽኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች። ጠቀለለችው። የማሽኑን ክዳን አምጥታ ገጠመች፤ መያዣውን ቆልፋ ብድግ አደረገችው።

"ጋሼ፣ ቁልፍዎን ይስጡኝ።"

"የምን ቁልፍ?"

"የቤትዎን። እርስዎ እዚህ ነዎት፤ ቤትዎ ባዶ ነው። ጠረጴዛዎ ሰፊ ነው፤ መብራትዎም ከኔ ይሻላል።"

"ለምን ጉዳይ?"

"ለሱሪ።"

መምህሩ ወደ ግድግዳው ወረቀት ዞሩ። ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ሮጡበት። "ደንቡ ስለዚህ የሚለው ነገር የለም።"

"ካላለ አልከለከለማ።"

"ካላለ..." አሉ መምህሩ ቀስ ብለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያስተማሩት ነገር ነው፤ ሊክዱት አልቻሉም። እጃቸው ኮታቸው ኪስ ገባ፤ ቁልፉን አወጡ።

"ሌላም አለ" አለች ቁልፉን እየተቀበለች። "ነገ ሱሪውን አስረክቤ ስመለስ ይህ ዲኮደር እዚህ እንዳላገኘው። የሚወስደው ማን እንደሆነ እናንተ ተስማሙ። እኔ ከማህበሩ ወጥቻለሁ። ነፃውን ዲሽ አስገባለሁ፤ መጥበሻ ሲሸጡም ቢሆን አያለሁ።"

"ነፋስ ሲነፍስስ?" አለች ነርሷ። "ጣሪያ ላይ ማን ይወጣል?"

"ባሌ።"

"እኔ?" አለ ባሏ።

"አንተ። መጀመሪያ ግን ሱሪዎቹን ያዝ።"

ባሏ ስክሪኑን አየ። ገና ዜናው ላይ ነው፤ ሁለቱ ቡድኖች ግን አሁን ከመልበሻ ክፍል እየወጡ ይሆናል። ልቡ ወደ ሜዳው ሄደ፤ እጆቹ ግን ያልተሰፉትን ሱሪዎች ሰበሰቡ። በጎኑ እየሄደ፣ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ የበሩን መቃን በትከሻው መታና ወጣ። ደረጃው ላይ እግሩ ሲቆም ሲሄድ ተሰማ፤ ከበሩ ቢርቅም ጆሮው አልራቀም።

ልብስ ሰፊዋ ሪሞቱን በነርሷና በፀጉር አስተካካዩ መካከል፣ ጠረጴዛው እምብርት ላይ አስቀመጠችው።

"ይኸው" አለች።

ማንም አላነሳውም። ፀጉር አስተካካዩ እጁን ዘረጋ፤ ነርሷ ስታየው ራሱን እንዳከከ አስመሰለ። ነርሷ ዘረጋች፤ መምህሩ "አንቀጽ አራት" ብለው ሲስሉ ጣቷን ሰበሰበች። ሪሞቱን የያዘ ሰው ይወስናል፤ የወሰነ ሰው ደግሞ ነገ ደረጃው ላይ ከግማሹ ሕንፃ ጋር ይገናኛል። ሦስቱም እንደ ትኩስ ፍም አዩት። እማማ ብቻ ሰርጉ መቼ እንደሚጀምር ጠየቁ።

አስራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። ልብስ ሰፊዋ ማሽኗን በአንድ እጅ፣ ክርና ጠመኔዋን በሌላው ይዛ በሩን ተሻገረች።

"ቆይ!" አሉ መምህሩ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው። "አንቺ ከወጣሽ ምልዓተ ጉባኤ የለም! ከአምስቱ ቤት አንዱ ከጎደለ ውሳኔ ማሳለፍ አይቻልም!"

"ይኸ ስንተኛው አንቀጽ ነው?"

"ሰባተኛው!"

"ጥሩ አድርገው ጽፈውታል፣ ጋሼ" አለች፤ ሁለቱም እጆቿ ስለተያዙ በሩን በተረከዟ ስባ ዘጋችው።